ሚኒባሱ ከላይ ቀለም፣ ከስር ውስጡን ለቄስ

እስቲ ዛሬ ታክሲ ስትገቡ ስልካችሁን ለአፍታ ዝቅ አድርጉና ከእግራችሁ ስር ያለውን ተመልከቱ። ምንጣፉ ከተነሳበት ቦታ የላሜራ ልጣፍ ታያላችሁ። በአንዳንዱ ሚኒባስ ልጣፉ ራሱ በሌላ ልጣፍ ተደርቧል። ኋላ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁማ በክረምት ውኃው፣ በበጋ አቧራው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ብዙ ምርመራ አያስፈልጋችሁም።

ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ አዲስ አበባን ተሸክሞ ይውላል። ዶልፊን በሉት፣ አባዱላ በሉት፣ አብዛኛው ቶዮታ ሃይኤስ ነው። ሃይኤስ የሚባለው ቫን ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ብዙዎቻችን እየተሳፈርንበት ያደግነው ደግሞ በ1989 የወጣው ሞዴል ነው። አንዳንዶቻችን ከምንሳፈርበት መኪና በዕድሜ እናንሳለን ማለት ነው።

ስለ ታክሲ ስናወራ ሁሌ የሚነሳው ሰልፍ፣ ታሪፍና ነዳጅ ነው። እኔ ዛሬ ስለ ዝገት ማውራት እፈልጋለሁ። የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ስለ ዝገት ምን አገባው ትሉ ይሆናል። በጣም ያገባዋል። የሚኒባሶቻችንን ስር ከዝገት መጠበቅ የሚያቅት ሥራ አይደለም፤ ዕቃውም ሙያውም አገር ውስጥ አለ። የማይሠራው የሚከፍለው ሰው፣ የሚጠቀመው ሰውና አደጋው የሚደርስበት ሰው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ ነው።

መጀመሪያ አሮጌው መኪና ላይ ለምን ሙጭጭ እንዳልን እንይ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱም ይከብዳል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እነዚህ ውሳኔዎች ትክክል ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ድምራቸው ግልጽ ነው፦ በእጃችን ያለው ሚኒባስ ነገ በቀላሉ የማንተካው ሀብት ሆኗል።

ሞተር ከሞተ ሞተር ይገዛል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ሁሉም ሶማሌ ተራ ይገኛል። ስሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እንደ ሃይኤስ ባለ ቫን ወለሉ፣ ጎኑና የታችኛው ተሸካሚ ብረት ተበይደው አንድ አካል ሆነዋል። ያ አካል ከበሰበሰ ፈትታችሁ የምትቀይሩት ዕቃ የለም። ሞተሩ ደህና ሆኖ መኪናው ያልቃል።

ሌላ አገር ይህ ሥራ የፍቅር ሥራ ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1950 ማምረት የጀመሩትን፣ ብራዚል ደግሞ እስከ 2013 ድረስ ያመረተችውን የቮልስዋገን ኮምቢ የሚወዱ ሰዎች ቅዳሜና እሁዳቸውን ከመኪናቸው ስር ተጋድመው ዝገት ሲፍቁ ይውላሉ። ለእነሱ መዝናኛ ነው። የእኛው ሃይኤስ ግን የባለቤቱ፣ የሾፌሩና የረዳቱ እንጀራ ነው። ለመዝናኛ የሚደረገው ጥንቃቄ ለእንጀራ አለመደረጉ ይገርመኛል።

ዝገት እንዲፈጠር ብረት፣ ውኃና አየር ይበቃሉ። በረዶ የሚጥልባቸው አገሮች መንገድ ላይ ጨው ስለሚበትኑ የመኪናቸው ቀንደኛ ጠላት ጨው ነው። የእኛ ጠላት ጭቃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ጭቃው ከጎማው በላይ ባለው ጉድጓድ፣ በበሩ መረገጫ ስር፣ በወለሉ መጋጠሚያዎች ውስጥ ይወተፋል። ዝናቡ ቢያባራም ጭቃው እንደ ስፖንጅ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ከላይ ደግሞ የተሳፋሪው እርጥብ ጫማ አለ፤ ውኃው ምንጣፉ ስር ይገባና መውጫ ያጣል። ስለዚህ ወለሉ ከላይም ከታችም ይበላል።

ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ከቀለሙ ስር ሆኖ ቀለሙን ይገፋና ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ ደግሞ አዲስ ውኃ ይገባል። ለዚህ ነው በላዩ ላይ ቀለም መቀባት የማያቆመው። መሸፈን ሌላ፣ ማቆም ሌላ ነው።

ጉዳዩ የመልክ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ ነበር። የተቀመጣችሁበት ወንበር የታሰረባቸውን ቡሎኖች የያዘው ያው ወለል ነው። የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ቀጭን የብረት ቱቦ የሚያልፈው በዚያው ስር ነው። ማርሚታውም ወለሉም ከተበሱ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አብሮት የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም። ረዳቱ ቀኑን ሙሉ የሚቆምበት የበር መረገጫ ከሁሉም ቀድሞ ከሚበሰብሱት ቦታዎች አንዱ ነው።

አሁን ምን እየተደረገ ነው? የተለመዱት ሦስት መንገዶች ናቸው። አንደኛው ስቱኮ ነው። የበሰበሰው ላይ ስቱኮ ይሞላል፣ ይላጋል፣ ቀለም ይቀባል፤ ለጥቂት ወራት ያምራል። ሁለተኛው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከስር መርጨት ነው። ዘይቱ ለጊዜው ውኃ ይገፋል፤ ነገር ግን ከሞተር የወጣ አሲድና ቆሻሻ ይዟል፣ ጎሚኒዎችን ይጎዳል፣ በመጀመሪያው ዶፍ ታጥቦ ወንዛችን ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው ከዝገቱ በላይ ጥቁር ካትራም መለሰን ነው። ከሁሉም የምፈራው ይሄን ነው። ካትራሙ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ውኃ ከኋላው ይገባል፣ መውጫ ግን አያገኝም። ስታዩት ጥቁርና ንጹሕ ነው፤ በካቻቢቴ ወጋ ስታደርጉት ይሰምጣል።

ትክክለኛው ሥራ ምን ይመስላል? የተወሳሰበ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። የሚሠራው በበጋ ነው፤ እርጥብ ብረት ላይ ምንም ነገር በቅጡ አይዝም። መጀመሪያ ስሩ በደንብ ይታጠባል። ላቫጆ ወስዶ ጎኑን ማስወልወል ሳይሆን፣ መኪናውን ከፍ አድርጎ የጎማውን ጉድጓድና የመጋጠሚያዎቹን ጭቃ ማስወጣት ማለት ነው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፤ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይቁም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ማንም አይገባም። ጠንካራ ማቆሚያ ወይም የጋራዥ ጉድጓድ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ምርመራ ነው። ላዩ ላይ ያለ ቡናማ ዝገት፣ የተቦረቦረ ዝገትና የተበሳ ብረት አንድ አይደሉም። በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ደነዝ ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። በልጣፍ ላይ ልጣፍ መደረብ ሁለት ብረት መሃል ውኃ ማሰር ነው። ብየዳ ሲኖር ባትሪው ይነቀላል፣ ከነዳጅ ታንከርና ከቱቦዎቹ አጠገብ እሳት አይቀርብም፤ ግድ ከሆነ ታንከሩ ይወርዳል።

ያልተበሳው በሽቦ ብሩሽ፣ በግራይንደርና በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። መነጽርና ጭንብል የግድ ነው፤ የአሮጌ ቀለም ብናኝ ለሳንባ አይሆንም። የላላው ዝገት በሙሉ ከወጣ በኋላ በየጉድጓዱ የቀረውን ፎስፈሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ይቀበለዋል፤ አሲዱ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይቀይረዋል። የላላ ዝገት ላይ ግን አይሠራም። መፋቅ የሰለቸው ሰው ማጥፊያውን ቢቀባ ገንዘቡን አፈሰሰ ማለት ነው።

ከዚያ አንቲረስት ይቀባል። ሁለት ክፍል ተቀላቅሎ የሚሠራው የኢፖክሲ ዓይነት ከተራው ይሻላል። ዚንክ የበዛበት ቀለምም ጥሩ ነው፤ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱን ያስበላል፤ የሚሠራው ግን ራቁቱን በቀረ ንጹሕ ብረት ላይ ነው። መጋጠሚያዎቹ ለመኪና በተሠራ ማሸጊያ ይደፈናሉ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን የመስኮት ሲሊኮን አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ብረቱን መልሶ ያዝገዋል። መጨረሻ ላይ መከላከያው ይረጫል። ክፍት የሆነው ስር ወፍራም መከላከያ፣ ሳጥን የመሰሉት ዝግ ብረቶች ውስጥ ደግሞ በቀጭን ቱቦ የሚገባ ሰም አዘል ዘይት ይፈልጋሉ። ማርሚታ፣ የፍሬን ዕቃ፣ ጎሚኒና የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አይነኩም። ቀዳዳው የተሠራው ውኃ እንዲወጣበት ነው፤ የደፈነው ሰው ሚኒባሱን ባሊ አደረገው።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ማጠብ፣ ማየት፣ የተላጠውን መንካት ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ያዋጣል? እናስላው። ቁጥሮቹ የገበያ ዋጋ አይደሉም፣ ለስሌት የመረጥኳቸው ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ቀይሯቸው። ሙሉ ሥራው 40,000 ብር ይፍጅ፤ መኪናው 4 ቀን ይቁም፤ የቀን ገቢው 1,500 ብር ይሁን። ዛሬ የሚወጣው 46,000 ብር ነው። ለሚቀጥሉት 4 ዓመታት ለጥገና በዓመት 5,000 ብር እንጨምር፤ ጠቅላላው 66,000 ብር ሆነ። ምንም ያላደረገው ባለቤት ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ ወለልና ተሸካሚ ብረት በ150,000 ብር ያሠራል፤ መኪናው ለ30 ቀን ሲቆም 45,000 ብር ገቢ ያጣል። ጠቅላላው 195,000 ብር።

66 ሺህና 195 ሺህ! ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ግን አላለቀም፤ የዛሬ ብርና የዛሬ 5 ዓመት ብር እኩል አይደሉም። የወደፊቱን ወጪ በዓመት 20 ከመቶ እየቀነስን ወደ ዛሬ ዋጋ ስንመልሰው መከላከሉ 59 ሺህ፣ አለመከላከሉ 78 ሺህ ገደማ ይመጣል። አሁንም መከላከል ያዋጣል። ቅናሹን 30 ከመቶ ካደረግነው ግን መከላከሉ 57 ሺህ፣ አለመከላከሉ 53 ሺህ ይሆንና ነገሩ ይገለበጣል።

እዚህ ጋ ነው ቆም ማለት ያለብን። መኪናውን በብድር የገዛ፣ የዛሬውን ወጪ እንዴት እንደሚሸፍን የሚጨነቅ ባለቤት የሚያስበው በ30 ከመቶው ዓለም ውስጥ ነው። ስሩን ሳያሳድስ ሲቀር ሰነፍ ስለሆነ ነው ብለን ብንፈርድበት ተሳስተናል፤ በኪሱ ሒሳብ ትክክል ነው። በኪሱ ሒሳብ ውስጥ የሌለው የእናንተ ወንበር፣ የእናንተ ፍሬንና እናንተ የምትተነፍሱት ጭስ ነው። የተሳፋሪው አደጋ ስሌቱ ውስጥ ቢገባ ኖሮ በ30 ከመቶም መከላከል ያዋጣ ነበር።

ሾፌሩስ? ሾፌሩ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ለባለቤቱ ያስገባል፣ የተረፈው የእሱና የረዳቱ ነው። መኪናው አራት ቀን ቆሞ ይፋቅ ማለት ለእሱ አራት ቀን ሳይበላ ይደር ማለት ነው። መኪናው ከአምስት ዓመት በኋላ ደህና ቢሆን የሚጠቀመው ባለቤቱ ነው፤ ሾፌሩ እስከዚያ ሌላ መኪና ላይ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ለምን ብሎ ስለ ስሩ ይጨነቅ?

ባለቤቱም ሊሸጥ ሲያስብ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባሳተመው ጥናት፣ በኋላም በ2001 ኖቤል ባስገኘለት ሥራው፣ ያሳየን ይሄንኑ ነው። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አማካይ ዋጋ ይሰጣል። እኛ ጋ ገዢ ቀለሙን ያያል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ተጎንብሶ ስሩን የሚያየው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ስሩን በደንብ ያሠራ ሻጭና ካትራም የለሰነ ሻጭ ተመሳሳይ ብር ይቀበላሉ። እንግዲህ በዚህ ገበያ ካትራም ቢበዛ ይገርማል?

አንድ ጥሩ ተቃውሞ አለ። «እነዚህ መኪኖች ያረጁ፣ የሚያጨሱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ከማራዘም ወደ ኤሌክትሪክ መሄድ አይሻልም?» የሚል። በመድረሻው እስማማለሁ። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ከተማውን እስኪያዳርስ ድረስ ነገ ጠዋት ሜክሲኮ ላይ የምንሳፈረው ይሄንኑ ነው። በዚህ መሃል ምርጫችን በደህና አሮጌ ሚኒባስና በበሰበሰ አሮጌ ሚኒባስ መካከል ነው። ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናም ወለሉ ብረት ነው፤ ጭቃው አይለቀውም። ዛሬ ያልለመድነውን ነገ በውዱ መኪና ላይ አንለምደውም። ተሸካሚ ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የበሰበሰ ሚኒባስ ግን መጠገን የለበትም፣ ከመንገድ መውጣት አለበት። ለሰው ነፍስ ልጣፍ አይበቃም።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ወጪው በአንድ ቀን ጫና ከሆነ ይከፋፈል። ይሄን ለኢትዮጵያዊ ማስተማር አያስፈልግም፣ እቁብ የምንለው ነው። አንድ መስመር ላይ የሚሠሩ 20 ባለቤቶች ከዕለት ገቢያቸው ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ፣ ዕጣ የወጣለት ሚኒባስ በተራው ይገባል። በእነዚያ ቀናት ባለቤቱ ከሾፌሩ ገቢ አይጠይቅ፤ ለሾፌሩና ለረዳቱም የቀን አበል ከእቁቡ ይታሰብ። ያኔ ሾፌሩ ራሱ «ስሩ ይታይልኝ» ይላል።

ሁለተኛ፣ የታክሲ ማኅበራት አንድ ማንሻ፣ አንድ ኮምፕሬሰርና የሠለጠኑ ጥቂት ወጣቶች ይዘው ይህን ሥራ በቋሚነት ቢሰጡ፣ ለባለቤቱ ዋጋው ይቀንሳል፣ ለሥራ ፈላጊውም ሙያ ይሆናል። ባትላሜራ የሚችል ሰው ሞልቷል፤ የጎደለው የተደራጀ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ አለን። ምርመራው ስሩን በመዶሻና በካቻቢቴ ይፈትሽ፤ የስሩ ፎቶም ከነቀኑ ከመኪናው መዝገብ ጋር ይቀመጥ። ገዢ የሦስት ዓመት ፎቶ አስተያይቶ መግዛት ከቻለ የአከርሎፍ ችግር ግማሹ ተፈታ። ስሩን የጠበቀ ባለቤት ያን ጊዜ ሲሸጥ ዋጋውን ያገኛል፤ የለሰነውም ይጋለጣል።

አራተኛው የእናንተ ነው። ቤተሰባችሁ፣ ጓደኛችሁ ወይም እናንተ ሚኒባስ ልትገዙ ከሆነ ስልካችሁ ላይ ቶርች አለ፣ ካሜራ አለ። ተጎንበሱና ቪዲዮ አንሱ። ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ በቀለም ያማረ ጎን ላይ ማግኔቱ ካልያዘ ከስሩ ያለው ስቱኮ ነው። ምንጣፉን ገልጡ። አዲስ ካትራም ካያችሁ «ከመለሰኑ በፊት የተነሳ ፎቶ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል።

ይህ ሥራ የውጭ ምንዛሪ እስኪመጣ አይጠብቅም፣ አዲስ አዋጅም አይፈልግም። የሚፈልገው ጥቂት የበጋ ቀናት፣ የሽቦ ብሩሽና ሒሳቡን አብሮ የሚካፈል ሰው ነው። የምታውቁት የሚኒባስ ባለቤት ካለ ይሄን ላኩለትና አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ የመኪናህን ስር መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?